መርዶ ወደ ደብረ ወርቅ

ሚያዝያ ፳ ቀን ፳፻፲፪ ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ወገግ ሲል፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ወትሮዋ ዝም ብላ ነበር። በሌላ ዘመን በዚያ ሰዓት የመናኸሪያው ጥሩምባና የረዳቶች ጩኸት ከተማዋን ይቀሰቅሳት ነበር፤ በዚያ ወራት ግን ወረርሽኙን ፈርቶ መንግሥት የሕዝብ ማመላለሻን ስላገደ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንም በአዋጅ ስለ ከለከለ፣ የመናኸሪያው በር በሰንሰለት ታስሮ፣ አውቶቡሶቹ አቧራ ለብሰው ቆመዋል።

በጡረተኛው በሻለቃ ቢያድግልኝ ግቢ ውስጥ እድላዊት አገኘሁ የቤንዚን ጀሪካን ከሞተሯ ኋላ እያሰረች ነበር። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ የንብ ባለሙያነት ነው፤ ሞተር የምትነዳውም በከተማው ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ወደ አንዱ ወርዳ፣ ቀፎ አይታ ለመመለስ ብቻ ነበር። ከዚያ የራቀ መንገድ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ወንድሟ አንተነህ በትንሣኤ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ በድንገተኛ ሕመም ሞቶ፣ ጥቂት ጓደኞቹ ቀብረውት ኖሯል፤ በዓሉ ይለፍ ተብሎ ተይዞ፣ ሻለቃ ያረዷት በዳግም ትንሣኤ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ነው። አሁን የቀረው አባትዬው ነበር። መሪጌታ አገኘሁ፣ የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ በዚህ ዓለም ላይ ያሏቸው እነዚሁ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ።

«መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም» አሉ ሻለቃ ምርኩዛቸውን ተደግፈው። ለመሪጌታ የአጎት ልጅ ናቸው፤ በደንቡ መሄድ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። «ሦስት አራት ሽማግሌ ነው የሚሄደው። ያውም ሴት ልጅ፤ ያውም በዚህ በሚንጣጣ ነገር!»

«እንግዲያው እርስዎ ከኋላ ይፈናጠጡ።»

«በዚህ ወገቤ? አንዱን መርዶ ሁለት ልታደርጊው ነው?»

እድላዊት ፈገግ አለችና ወዲያው በፈገግታዋ አፈረች። ሻለቃም ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ ልጄ፤ በመንገድ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ዘንድሮ ወሬ ስልክ ላይ ነው የሚበር። አገኘሁ የልጁን ሞት ካላፊ አግዳሚ አፍ ከሰማ፣ ዘመድ የለኝም ብሎ ይሞታል። ጎሕ ሲቀድ፣ በሰው መካከል፣ ፊት ለፊት ይነገረው። ይህ ከቀረበት ሌላ ምን አለው?»

የንብ ጓንቷን አጠለቀች፤ አፏን በጭምብል፣ ጆሮዋን በነጠላ ሸፍና ሞተሩን አስነሣች።

ሉማሜን እስክታልፍ ድረስ ፀሐይ ከዳመና አልወጣችም ነበር። ደጋው ለክረምት በታረሰ ጥቁር መሬት ተሸፍኖ፣ ግራና ቀኝ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ተዘርግቷል፤ በመንገዱም ላይ ከጭነት መኪና በቀር የሚሄድ አልነበረም። መኪኖቹ ሲያልፉ ነፋሳቸው ሞተሩን ከነ ነጂዋ ወደ ጥጉ ይገፋዋል፤ እርሷም መሪውን ጨምድዳ ትይዛለች፤ ከዚያም መኪናው አልፎ ከሄደ በኋላ እንኳ ጣቶቿን ማላላት ይሳናታል። ትከሻዋ ደነዘዘ፤ ወገቧ ተቆረጠ። ወርዳ ልታርፍ ብላ ሁለት ጊዜ አሰበች፤ ነገር ግን ከቆመች ልቅሶው እንደሚደርስባት አውቃ አልቆመችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን መንገድ ብቻዋን መጋለቧ ያኮራት ነበር። ዛሬ የምትመኘው ማለቁን ብቻ ነበር።

ደጀን ኬላ ላይ በገመድ አስቆሟት። ዋና ሳጅን ታረቀ የተባለ፣ ቀይ ዓይኑ ብዙ ሌሊት እንዳልተኛ የሚመሰክርበት ፖሊስ፣ የትኩሳት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደቀነ።

«ትኩሳት የለሽም። ወዴት ነው?»

«ደብረ ወርቅ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለቤተሰብ ጉዳይ።»

«እህቴ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ብሎ ያልመጣ የለም። አንዱ ትናንት ‹ሚስቴ ልትወልድ ነው› ብሎኝ ጎኑን ብፈትሽ አረቄ ነው። ተመለሽ።»

«መመለስ አልችልም።»

«እኔም ማሳለፍ አልችልም።»

ገመዱን አየችው፤ ያለፈችውን መንገድ ዞራ አየችው። ደግማ ለመሄድ የሚሆን ጉልበት በሰውነቷ ውስጥ አልነበረም።

«መርዶ ይዤ ነው» አለች።

ሳጅኑ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔን አፈር ያስበላኝ። ለማን ቤት?»

የሻለቃ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላት። እርሱም በጥርጣሬ ሳይሆን በሐዘኔታ ደግሞ ጠየቃት፤ እርሷም ድካሙ አሸንፏት ተናገረች። «ለመሪጌታ አገኘሁ። ለአባቴ።»

«ለቅኔው መሪጌታ? አጎቴን ያስተማሩት! በይ ሂጂ፤ ሂጂ፤ ቢቸና ላይ እንዳያንገላቱሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ገመዱን በገዛ እጁ አወረደላት። አመስግናው ወደ ግራ ታጠፈች፤ «እነግራቸዋለሁ» ያለው ቃልም በጆሮዋ ገብቶ በልቧ ሳያድር አለፈ።

ቢቸና ስትደርስ ግን ገመዱ ከሩቅ ወርዶ ጠበቃት። ጥበቃው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ» አላት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ሳጅኑ ደውሏል፤ በቅንነት ደውሏል፤ እርሱ ለጥበቃው የነገረውን ጥበቃውም ለወንድሙ፣ ወንድሙም ለአማቹ ይነግራል፤ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ሁሉም እያዘነ፣ መርዶው ከሞተሯ ቀድሞ ደብረ ወርቅ ይገባል። የገዛ አፏን ረገመች።

ወደ ዲማ የሚገነጠለውን መንገድ ካለፈች በኋላ አስፋልቱ አልቆ ጠጠርና አቧራ ሆነ። ፍጥነቷን ግን አልቀነሰችም። አንድ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዋ ልል አቧራ ውስጥ ገብቶ ተንሸራተተና ሞተሩ ከነ እርሷ በጎኑ ወደቀ። ጉልበቷ ተላጠ፤ ጀሪካኑ ግን አልፈሰሰም። ልታነሣው ታገለች፤ አልተነሣላትም። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ሸሽታው የመጣችውን እንባ አለቀሰች።

በሬ እየነዳ የሚመጣ አማረ የሚባል ገበሬ አጠገቧ ቆመ።

«ተጎዳሽ እንዴ እመቤቴ?»

«ደህና ነኝ። ይህን ብቻ አንሣልኝ።»

ገበሬው ሞተሩን ዞሮ አየው። «እኔ የወደቀ በሬ ነው ማንሣት የማውቅ። ይህ ታዲያ በጅራቱ ነው በቀንዱ?»

«በቀንዱ» አለች እድላዊት፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

እርሱ መሪውን ይዞ፣ እርሷ ከኋላ እየገፋች አቆሙት። «ምን ያስቸኩልሻል?» አላት እያራገፈ፤ ፊቷን አይቶ ግን መልሷን አልጠበቀም። «በይ ቀስ በይ። ቀድሞ የደረሰን ነገር በሩጫ አትመልሺውም።»

ደብረ ወርቅ ከመግባቷ በፊት፣ ባሕር ዛፎቹ ዘንድ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያውለበለበች መንገዱ መካከል ቆማ ጠበቀቻት። የአባቷ ጎረቤት ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ።

«አጥፊው! አጥፊው ይህን ነገር፤ ድምፁ ይሰማል!»

እድላዊት ሞተሩን አጠፋች። «እትዬ የብርጓል፣ አባዬ ሰማ?»

«አልሰማም።»

«ሌላው ሰውስ?»

«ሌላው? ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።» ወይዘሮ የብርጓል ሊያቅፏት እጃቸውን ዘርግተው፣ ወረርሽኙ ትዝ ብሏቸው መለሱት፤ ከዚያም፣ «ኤዲያ!» ብለው አቀፏት። «ረፋድ ላይ ነው ወሬው የገባ። ቤት ለቤት ተላላክንና አፋችንን ዘጋን። ገበያ የወጣ ሁሉ ነጠላውን እንዳያዘቀዝቅ ተባለ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ደግሞ፣ ከአባትሽ ጋር በአንድ የቅኔ ዘረፋ ተቀያይመው ሁለት ዓመት አይነጋገሩ የነበሩት፣ ዛሬ በራሳቸው ሄደው ታረቁ፤ አጠገቡ ተቀምጠው ውለው ሰው እንዳይቀርበው ይጠብቃሉ። መሪጌታ ‹ቄሱን ዛሬ ምን መልአክ ጎበኛቸው?› እያለ ይገረማል።»

ወይዘሮ የብርጓል ሞተሩን በእጅ እየገፉ አብረዋት ወደ ገዛ ቤታቸው ወሰዷት፤ መርዶ ነጋሪ ጎሕ ሲቀድ እንጂ በሌላ ሰዓት ከሐዘንተኛ ቤት አይገባምና።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የመሪጌታ አገኘሁ ግቢ ዙሪያ በሰው ተሞላ። ነገር ግን ያ ዓይነት የመርዶ ማለዳ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። አዋጁን የፈራው ሕዝብ አልተጠጋጋም፤ አንዱ በአጥሩ ጥግ፣ አንዱ በግራሩ ሥር፣ አንዱ በመንገዱ ዳር፣ እርስ በርሱ ተራርቆ፣ ነጭ ለብሶ በዝምታ ቆሟል። ሰው እንዳይሰበሰብ የተመደበው የቀበሌው ሚሊሻ ራሱ ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ከመካከላቸው ነበር። ቃሉን የሚናገሩት ቄስ ወልደ ገብርኤል ናቸው፤ እድላዊት በደንቡ መሠረት ከሴቶቹ ኋላ ተደብቃ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ፣ ሕዝቡን አዩና የበራቸው ደፍ ላይ ቆሙ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ደጅ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር። ያላወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንኛው ነው?» አሉ።

ቄሱ «እግዚአብሔር ሰጠ» ብለው ጀመሩ፤ የሚቀጥለውን ግን አልጨረሱትም።

«ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ እየጠየቅሁዎ ነው። ማንኛው?»

እድላዊት ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም። ደንቡን ትታ ከሴቶቹ ኋላ ወጣች፤ በተላጠ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ ግቢው መካከል ሄዳ ቆመች።

አባቷ አዩዋት። ፊታቸው እንደ መብራት በራ፤ ክንዳቸውም ወደ እርሷ ተዘረጋ። «አንቺማ አለሽ» አሉ። ከዚያም ክንዳቸው እንደ ተዘረጋ፣ ያ ብርሃን ከፊታቸው ላይ ጠፋ። የእርሷ በሕይወት መኖር የወንድሟ ሞት ነበር። «አንተነህ!» ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ። የሴቶቹም ጩኸት ከያሉበት ተነሣ፤ ተራርቀው ቆመው ነበርና ልቅሶው ከአንድ ቤት ሳይሆን ከአገሩ ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር።

የዚያን ዓመት ታሪክ የጻፉ ሰዎች የታማሚውን ብዛት፣ አዋጁን፣ የተዘጉትን መንገዶች ጽፈዋል። አንተነህ በወረርሽኙ አልሞተምና ከማንኛውም ቁጥር ውስጥ አልገባም። ደብረ ወርቅም አንድ ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ መዋሉን የጻፈ የለም። የከተማው ሰው ራሱ ዛሬ ያንን ዘመን ሲያነሣ የሚያወራው፣ የመሪጌታ ልጅ ብቻዋን በሞተር ከደብረ ማርቆስ መምጣቷን ነው፤ ለምን እንደ መጣች የሚጠይቅ እየቀነሰ ሄዷል። ጎረምሶች ሲያዩዋት፣ «ያኔ አልፈራሽም?» ይሏታል። እርሷም፣ «ደክሞኝ ነበር» ትላቸዋለች፤ እነርሱም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።