የጎደለችው እጥፋት

መጥረጊያው ከጠረጴዛው ሥር የታጠፈች ወረቀት ይዞ ወጣ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። መሐሏ ላይ የድሮው ክር ቀዳዳ እንጂ አዲስ ክር የለባትም። ከላይ «ኤርምያስ» ይላል።

አትክልት ሻጯ እትዬ እንዲጠረዝላቸው ያመጡት አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ አልቋል። ተሰፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ከትናንት ጀምሮ በብረት መጭመቂያው ውስጥ ተኝቷል። ከመሰፋቱ በፊት እጥፋቶቹን፣ አንድ ላይ የሚሰፉትን የታጠፉ ወረቀቶች፣ በተራ የደረደረችው እሷ ናት። የአያቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ይህ የእሷ ሥራ ነው። ይህችኛዋ አምልጣታለች።

አያቷ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ የጠረዙበት ክፍል ሊዘጋ ነው፤ መጭመቂያውንም የገዙት ሰዎች ከሰዓት መጥተው ይወስዱታል። ይህ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ጠዋት የመጽሐፉን ጀርባ በመዳፋቸው ዳብሰው፣ «አንቺ ደርድረሽ፣ እኔ ሰፍቼ… ከእንግዲህ ብዘጋውም አይቆጨኝም» ብለዋት ነበር።

ወረቀቷን ደጅ ዕቃ ለሚጭነው ወንድሟ ወስዳ አሳየችው። ሁሉን በጥድፊያ ስለሚሠራ ሰፈሩ «ሮኬት» ይለዋል። ገለጥ አድርጎ አየና መለሰላት።

«ይሄ ደግሞ ቁጣ ብቻ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? አትክልት ሻጯ እትዬ እንደሆኑ ከመዝሙረ ዳዊት አያልፉም። አባባን ለምን ቅር ታሰኚያለሽ?»

እሷም ቅር ልታሰኛቸው አልፈለገችም። ግን ገጹን ስታይ የንጉሡን ታሪክ አገኘችው። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ሙጫው እስኪሞቅ አያቷ የሚነግሯት ታሪክ ነው። እሷ ከመጽሐፍ ጠርዝ የተከረከመውን ቀጭን ወረቀት እንደ አምባር እጇ ላይ እየጠመጠመች ትሰማ ነበር። ነቢዩ የእግዚአብሔርን ቃል ለጸሐፊው እየነገረ ያስጽፋል። ንጉሡ እሳት ዳር ተቀምጦ ያስነብባል፤ የተነበበውን በሰንጢ እየቆረጠ እሳቱ ውስጥ ይጥላል።

«ለምን ግን?» ትላቸው ነበር።

«ቁጣው ስለ እሱ ነበራ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደገና ተጻፈ» ይሉና ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይስቃሉ።

ምድጃው ከተወሰደ ሰንብቷል፤ የዚያ የሞቀ ሙጫ ሽታ ግን አፍንጫዋ ላይ መጣ። ሰዎቹ ነገ እንዲመጡ እንዲለምናቸው ለሮኬት ነገረችው። ሊበሉኝ ነው እያለ ስልኩን አወጣ።

ገብታ መጭመቂያውን አላላችና መጽሐፉን ይዛ አያቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የንጉሡን ታሪክ ንገረኝ እስቲ።»

«ይሄን ሁሉ አድገሽ?» አሉ። ግን ደስ ብሏቸው ጀመሩ። ንጉሡ እሳቱ ዳር ሲቀመጥ፣ ሽፋኑን አላቅቃ የመጀመሪያውን ክር በሰንጢ ቆረጠች።

አያቷ ታሪኩን አቋረጡ። ያን ድምፅ ከሁሉ ድምፅ ለይተው ያውቁታል። የጠዋቱ ደስታ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲሄድ አየች፤ እጥፋቷን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። በጣታቸው ዳበሷት፤ የድሮውን ቀዳዳ አገኙት።

«የቱ ጋ ነው የጎደለው?»

«እዚሁ፣ አባባ። እሳቱ ጋ።»

እጥፋቷን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ መርፌውን እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

እሷም ክሩን ሰም እያስነካች፣ «ከዚያስ?» አለቻቸው።