ዲስኩ ላይ ማን ይጽፋል

ኮምፒውተሩ እንደገና እምቢ አለ። አዲሱ ዲስክ ላይ መጻፍ አይፈቀድም።

«ሱዓድ፣ ፍጠኚ እንጂ!» አለ ካሱ ከኋላ ወንበር። «መብራት ቢሄድ ለቲቸር የማስረክበው አንቺን ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ሱዓድ አልሳቀችም። ቲቸር ወንደሰን አዲሱን ትልቅ ዲስክ በሊኑክስ የሚሠራው የክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ጨምረው ሥራውን ሳይጨርሱ ለለቅሶ ወደ ዶርዜ ወጥተዋል። የይለፍ ቃሉን የሰጡት ለእሷ ብቻ ነው። «ለተማሪዎቹ የመጻፍ ፈቃድ ስጪ። ዛሬ ፕሮጀክቱን ዲስኩ ላይ ያላስቀመጠ ዜሮ ነው» ብለዋታል። ለክልሉ ውድድር የሚላከው አንድ ሥራም የሚመረጠው ከዚያው ነው።

ችግሩ፣ በዚህ ክፍል ሁሉም የሚገባው «ተማሪ» በሚል አንድ ስም ነው። ለዚያ ስም ከተፈቀደ አንዱ የሌላውን ሥራ መሰረዝ ይችላል። ማን እንደሰረዘ አይታወቅም። የሚታወቀው ማን እንደፈቀደ ነው። ሱዓድ ከወዲሁ ይታያት ነበር፤ የጠፋ ሥራ፣ «ወላጅ አምጪ» መባል፣ ሱቋን ዘግታ ዳይሬክተሩ በር ላይ የቆመች እናቷ።

ጓደኛዋ ረይሐና ወንበሯን አስጠጋች። «የፈቃዱን ቁጥር ሰባት ሰባት ሰባት ብለሽ ለሁሉም ክፈቺው በቃ። ምን ያስጨንቅሻል?»

«የካሱን ሥራ አንድ ሰው ቢነካውስ?»

ረይሐና ድምጿን ቀነሰች። «ቢነካውስ? የኩልፎ ወንዝ ዳርን ሙዝ ውኃ የሚያጠጣ ፕሮግራም ሠርቶ ሊበልጠን ነው። የእሱ ሥራ ባይኖር በጋራ ሥራችን የምንሄደው እኔና አንቺ ነን።»

«ልትሰርዢው ነው?»

«እኔ ምን በወጣኝ? ክፈቺው ብቻ ነው ያልኩሽ። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ለምነሽኝ እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

አታውቅም። ሲቀላ ሰፈር የእናቶቻቸው ሱቆች አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ዛሬ ብትጣላት ነገ ጠዋት እዚያው ታገኛታለች። ብትከፍተው ካሱ አለቀለት። ዘግታ ብትተወው ክፍሉ በሙሉ ዜሮ ነው።

ሌላ መንገድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ስም መፍጠር፣ ፎልደሩን ለባለቤቱ ብቻ መፍቀድ። ታውቅበታለች። ግን ረጅም ነው፤ ሰው ይጮህባታል። ረይሐናም ለምን እንዳደረገችው ወዲያው ይገባታል።

«ተኛሽ እንዴ፣ እቴ?» አለ ካሱ።

ሱዓድ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። የረይሐና ትንፋሽ ጆሮዋ ሥር ነበር።

«ካሱ፣ ና» አለች። «በስምህ እከፍትልሃለሁ። የይለፍ ቃልህን ራስህ ጻፍ፤ ለእኔም እንዳታሳየኝ።»

«ኧረ! ለሁሉም እንዲህ ልታደርጊ? እዚሁ ልናድር ነው!»

«ና አልኩህ።»

ካሱ እያጉረመረመ መጣና ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሱዓድ እንዳታይ ፊቷን ከኪቦርዱ አዞረች። በዚያ በኩል ደግሞ ረይሐና ነበረች።