ፔጆው የጠጣው ውሃ

የኦቦ ኤጄታ ፔጆ የወንጪን ዳገት አጋምሶ እንፋሎት ተፋና ቆመ። ከኋላ ሲከተል የነበረው የጋሼ እንግዳወርቅ ቮልስዋገን እያዘገመ ደረሰ፤ አልፎትም ወጣ። ጋሼ እንግዳወርቅ የኦቦ ኤጄታ ልጅ የእንቁ የሒሳብ አስተማሪና ጎረቤት ናቸው። ከአባቷ ጋር ስለ መኪና ሳይከራከሩ ውለው አያውቁም።

«ፔጆ ስድስት ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል። ያንተ ቮልስ ባዶውንም ያቃስታል» ይላሉ አባቷ።

«ቮልስ ውሃ አይለምንም፣ ነፋስ ይበቃዋል። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን የአንተን ሆዳም ማን ይቀልበዋል?» ይላሉ ጋሼ።

የቅዳሜው ጉዞ ይህን ክርክር ለመቁረጥ ነበር። ተቆረጠ፤ ግን ማንም አልሳቀም። የኦቦ ኤጄታ ፊት ጠቆረ።

በማግስቱ ቱፋ የፔጆውን ራዲያተር ፈታው። ቱፋ ኦቦ ኤጄታ በኃላፊነት በሚመሩት ጋራዥ የሚሠራ ወጣት መካኒክ ነው፤ ከጉዞው በፊት ፔጆውን የፈተሸውም እሱ ነበር። ቱቦዎቹን ድንጋይ የመሰለ ነጭ ነገር ደፍኗቸዋል።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ሥራ አይደለም።»

«ውሃውን ከቦኖ የምትቀዳው ልጄ ናት። በልጄ ልታሳብብ ነው?»

ቱፋ እንቁን አየት አደረጋትና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ። ያ አየት ማድረጉ ከስድብ በላይ አመማት።

ራዲያተሩ ስለሚያፈስ በየጠዋቱ መሙላት የእሷ ሥራ ነው። የቦኖው ሰልፍ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ትምህርት ቤት ያረፈደ ደግሞ ይንበረከካል። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ከብት ከሚጠጣበት ሆራ፣ ያንን አረፋ የሚያወጣ ጎምዛዛ ውሃ ትቀዳ ነበር። ሲጠይቋት «ከቦኖ ነው» ትላለች። ለመኪና ውሃ ሁሉ አንድ ነው ብላ።

ምሳ ላይ አባቷ «ቱፋን ነገ ከሥራ አሰናብተዋለሁ» አሉ።

እናቷ ቦጋለች ጉርሻዋን መለሰችው። «ኧረ ተው ኤጄታ፤ ሥራ የሌለውን ጎረምሳ ቀበሌው ለውትድርና እያፈሰ ነው። የጎረቤታችን የአስካለች ልጅ ከሄደ ይኸው አምስት ወሩ፣ ደብዳቤ እንኳ የለም።»

«ሲሠራ ያስብበት ነበር» አሉ ኦቦ ኤጄታ።

እንቁ ልትናገር ፈለገች፤ ፈራች። ምሳውም አለቀ።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ፈተና ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ደርሳ ቆመች፤ ደወሉም ተደወለ። ከዚያ ዞራ ወደ ጋራዡ ወረደች። አባቷ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

«አባዬ፣ ቱፋ አላጠፋም። ውሃውን የምቀዳው ከሆራው ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ኦቦ ኤጄታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የስንብት ደብዳቤውን ጠዋት ሰጥቼዋለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ዕቃውን ይዞ ወጥቷል።»

«ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ሄጄ እጠራዋለሁ» አለች እንቁ።

ወጣች። አባቷ ይከተሏት እንደሆነ ዞራ አላየችም።