ጠገራ ብር ሊገዛ የመጣው ሰው

ሀኒፋ ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ አጎቷ ጂብሪል ያሳደጋት ልጅ ናት። መሰላ ገበያ ውስጥ አብረው የድሮ ጌጣጌጥና ጠገራ ብር ይሸጣሉ። ከቃሉ ወጥታ አታውቅም፤ መስዑድ እስከመጣበት ቀን ድረስ።

መስዑድ ጭሮ ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል፤ ሲተርፈው የጥንት ሳንቲም ይሰበስባል። ያን ቀን ከተነጠፈው ጨርቅ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ጠገራ ሲያነሳ ፊቱ እንደ ሕፃን በራ።

«የአያቶቻችን ነው» አለ ጂብሪል። «ሌላ ፈላጊ አለው፤ ቶሎ ወስን።»

መስዑድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አጎቷ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ሲል፣ ሀኒፋ ሻሿን እያስተካከለች በኦሮምኛ «ሂን ቢቲን» አለችው። አትግዛ።

ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አላሸሸችም። ጠገራውን ቀስ ብሎ መለሰና አመስግኖ ሄደ።

በሚቀጥለው ገበያ፣ ጂብሪል ለሶላት ሲሄድ ጠብቆ መጣ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እንደዚያ ደስ ብሎህ በሐሰተኛ ጠገራ ስትታለል ማየት ከበደኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የሚያጣድፍ ሻጭ ፊት ጠርዙን ሳላይ፣ ሳላስመዝን ኪሴን ዳበስኩ።»

«አጎቴ ግን አታላይ አይደለም» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «እሱም ተታሎ ነው የገዛው። ኪሳራውን መዋጥ አቃተው።»

መስዑድ ከተነጠፈው ጨርቅ ጫፍ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጣ ጀመር። ጠገራ ሲታሸት ቢያምርም ለሰብሳቢ ዋጋው እንደሚወርድ ነገራት። እሷም የትኛው ከየትኛው ቤት እንደመጣ ታወራዋለች። ሳይገዛ የሚመለስበት ቀን ይበዛ ነበር።

መስዑድን እንዳይገዛ ማስጠንቀቋ ከአጎቷ ጆሮ ደረሰ።

«ለአንድ ባጃጅ ጠጋኝ ብለሽ እንጀራዬን ዘጋሽ?» አላት። ከገበያ አስቀራት። መስዑድ የላካቸውን ሽማግሌዎችም ከደጅ መለሳቸው።

ጥቂት ቆይቶ መስዑድ ብቻውን ሚዛን ይዞ ቤታቸው መጣ። ሀኒፋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አዳመጠች።

«አባባ፣ ለሀኒፋ ብዬ አልመጣሁም» አለ። «እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንለይ። ለእውነተኛው ገዢ አመጣለሁ፤ ሐሰተኛውን ግን ለማንም አይሽጡት።»

ጂብሪል ሊያባርረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን እሱም እንዲሁ መታለሉን አስቦ ይሆናል፣ የጠገራውን ከረጢት አምጥቶ ፊቱ ዘረገፈው።

እስከ አመሻሽ እየመዘኑ፣ የጠርዙን ጽሑፍ ብርሃን ላይ እያዩ ለዩ። እውነተኛው አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም።

«ለሸጥኩላቸው ሰዎች ምን እላለሁ?» አለ ጂብሪል፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሀኒፋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «አብረን እንሄዳለን፣ አጎቴ።»

ሄዱም፤ ገንዘባቸውንም መለሱላቸው። የተቆጣ ነበር፤ የመረቃቸውም ነበር። የመጨረሻው ቤት ቦኬ ከተማ ውስጥ ነበረ። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ዘይቱና ገንዘባቸውን ተቀብለው የጂብሪልን እጅ ለረጅም ጊዜ ያዙት።

ሲመለሱ መሰላ አቅራቢያ ጂብሪል «ለመስዑድ ደውይለት» አላት።

ሀኒፋ ደወለች። ድምፁን ስትሰማ «መስዑድ» ብላ ጀመረች።

«ሀኒፋ? ምን ሆነሻል?»

እንባዋ ቀደማት። አጎቷ ስልኩን ከእጇ ተቀበለ።

«ምንም አልሆነችም፣ ልጄ» አለው። «ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና። ጁምዓ እንጠብቃችኋለን።»