አምስት መቋሚያ

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ለአዲሱ ጉባኤ ቤት በተተከለው ችካል መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ረጅሙ መቋሚያቸው ከጎናቸው ወድቋል፤ ለመሠረት ከተከመረው ድንጋይ አንዱን ደም ነክቶታል።

ዘመኑ ፲፱፻፴፩ ነው። ጣሊያን ከቡሬ በላይ ያለውን ጉብታ ለምሽግ ወስዶ የቅኔና የዜማ ተማሪዎችን ከነጎጇቸው አስነሥቷል። የደብሩ አለቃ ገደፋው ከጣሊያኑ መኮንን ጋር ለብቻቸው መክረው ትምህርት ቤቱን ረግረግ ላይ ሊያወርዱት ነበር። የቅኔው መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ግን «የምናስተምርበትን ቤት እኛ ሳንጠየቅ?» ብለው ተሟገቱ፤ ረቱም። መምህራኑ ተሰብስበው አንድ ዛፍ ያለበትን፣ የዜማው ተማሪ ቀድሞም የሚማርበትን የታጠረ ደረቅ ሜዳ መረጡ። ቤቱ ክብ ሆኖ ከመካከሉ እስከ ዳሩ አምስት መቋሚያ እንዲሆን ተስማሙ። መሪጌታ ሕዝብ እያየ በራሳቸው መቋሚያ ለክተው አስተከሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተው ተገኙ።

መኮንኑ «ገዳዩ እስከ እሑድ ካልወጣ የተማሪውን ጎጆ ሁሉ አቃጥላለሁ፤ የሽፍታ መደበቂያ ነው» ሲል ላከ። አገሩ ወንጀለኛ ለማውጣት አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ሦስት ቀን ማንም አልተነፈሰም። በአራተኛው ሲሳይነሽ ጠያቂ እንድትሆን ተጠራች። አባቷ ዳኛ ነበሩ፤ እሷ ትምህርቱን ከአጥር ውጭ ቆማ በጆሮዋ የለቀመች፣ ምላሷ የሚፈራ ልጅ ናት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ሴት አውጫጭኝ የምትመራው?» አሉ አለቃ ገደፋው።

«ወንዶቹ ሦስት ቀን ተቀምጣችሁ እግራችሁ ከደነዘዘ ወዲህ። ይልቅ ሟችን ይጠሏቸው ነበር?»

«አሳምሬ! ግን እኔ ብገድልማ ችካሉን ነቅዬ ረግረጉ ላይ እተክለው ነበር።»

«ይህስ እውነት ነው» አለች።

አናጢው እጅጉ ቀጠለ። «ክቡ ሰፋ፣ እንጨት ይፈጃል ብዬ አጉረምርሜያለሁ። አልክድም።»

«በምን ትለካለህ?»

«በገመድና በክንዴ ነዋ! በቄስ በትር ቤት ይሠራል?»

የመጨረሻው የዜማው መምህር የኔታ ዘሩ ናቸው። ሲሳይነሽ ከአጥሩ ውጭ መቆሟን ካወቁ ጀምሮ እንድትሰማ ብለው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ተስፋው እጮኛዋ ነው፤ ለአርበኝነት ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ።

«የኔታ፣ ከተስፋው ወሬ አለ?»

«ደኅና ነው አሉ፣ ልጄ። ደኅና ነው።»

«ሜዳውን መሪጌታ የሞቱ ለት ረግጠውታል?»

«ከተተከለ ወዲህ አልሄድሁም።»

ብቻዋን ወደ ሜዳው ወረደች። በሟቹ መቋሚያ ከመካከሉ ጀምራ ለካች። አምስተኛው ችካሉን አልፎ ሄደ፣ አምስት ስንዝር ያህል። ጫፉ ያረፈበትን አፈር ገለጥ ስታደርገው በእግር ተረግጦ የተደፈነ የችካል ጉድጓድ አገኘች።

እሑድ ጧት ሁሉንም ሜዳው ላይ ሰበሰበች።

«መሪጌታ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ችካሉን ነቅሎ ክቡን አጥብቦታል። እጅጉ ነው እንዳትሉ፤ በክንድ ለካሁት፣ ሙሉ ቁጥር አይወጣም። አለቃም ጠባቸው ከቦታው እንጂ ከስፋቱ አይደለም። ያጠበበው ሰው ‹አምስት› መባሉን ሁሉም እንደሰማ ያውቃል፤ የሚቆጥር ቢመጣ አምስት እንዲሆንለት በራሱ መቋሚያ ለካ። መቋሚያ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንደሚቆረጥ ግን ረሳ። እስቲ መቋሚያችሁን ስጡኝ።»

የአለቃው ችካሉን አለፈ። የየኔታ ዘሩን ተቀብላ ከመካከሉ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጫፉ ችካሉን ነካ።

«ጨርሺው፣ ልጄ» አሉ የኔታ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የዛፉን ጥላ ትተው ተማሪዎን እዚያች ፀሐይ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ከክቡ ውጭ ያስቀሯት እሷኑ ቦታ ናት፤ የመሠረቱ ቦይ እንዳይነካት። እዚያ ምን…»

ሁለት ዓመት። ተስፋው ዱር ከገባም ሁለት ዓመቱ ነው።

የኔታ ተጠግተው ለጆሮዋ ብቻ ተናገሩ። «ቆስሎ መጥቶ እጄ ላይ አለፈ። ለሽፍታ ማልቀስ ክልክል ነው፤ ብቻዬን ቀበርሁት። ጉባኤው ላይ ‹ሐሳብ ያለው ይናገር› ሲባል ጆሮ ጠቢ ፈርቼ ዝም አልሁ። በማግስቱ ጧት መሪጌታን ለመንኋቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኋቸውም። ‹በስንት ሙግት ያገኘነውን ውሳኔ ለአንድ ሰው አላፈርስም› አሉኝ። ገፋኋቸው። መግደልስ አላሰብሁም።»

«ምን አሉሽ?» ብለው ጮኹ አለቃ ገደፋው።

ሲሳይነሽ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል። «በቦታ ተጣልተን ነው አሉ። መምህራን አይደላችሁ? ለአንድ እርምጃ መሬትም ትጋደላላችሁ።»

የኔታ ዘሩ ወደ ቡሬ ተወሰዱ፤ ጎጆዎቹ ተረፉ። የቀሩት መምህራን ክቡን ወደ መሪጌታ ልክ ለመመለስ ሲመክሩ ሳትጠራ ገባች።

«እባካችሁ፣ ችካሉ እንዳለ ይሁን።»

ምክንያቷን ቢጠይቋት አልተናገረችም። ያቺ ምላሰኛ ስትለምን አይተው ስለማያውቁ እሺ አሏት።

ማቅ አልለበሰችም። ቤቱ ተሠርቶ ዜማው ሲጀመር ግን እንደ ድሮው ከአጥር ውጭ አልቆመችም፤ ከግድግዳው ሥር በተረፈችው አምስት ስንዝር መሬት ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።