ዐሥረኛዋ ፊርማ

«‹ውጭ እየዘነበ ነው› የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው፣ ውጭ እየዘነበ ከሆነ ብቻ ነው» አለ ዑዘይር ለሰባተኛ ጊዜ።

ሸፊቃ ጆሮዋን ደፈነች። «ይህን ለማወቅ ነው አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የምትመላለሰው? የሦስት ዓመት ልጅም ያውቀው የለ!»

«ሙድ አትያዢ! ነገ የሎጂክ ፈተና አለብኝ። የእውነት ትርጉም ነው።»

ወንድምና እህት ፒያሳ ባለችው የአባታቸው ወርቅ ቤት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተጣበው ተቀምጠዋል። ሸፊቃን ያንገበገባት ግን ወንድሟ ብቻ አልነበረም። ቦርሳዋ ውስጥ ነገ ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር የሚሰጥ ወረቀት አለ። «ቤተ ሙከራ ስንገባ ማይክሮስኮፑ ተሰብሮ ነበር» ይላል። አብረዋት ቤተ ሙከራ የገቡት የቡድኗ ዘጠኝ ልጆች «ወላጅ አምጡ» እንዳይባሉ ፈርመውበታል። የቀረችው እሷ ናት። ማይክሮስኮፑን የጣለችው ጓደኛዋ ሶፊያ መሆኗን ደግሞ በዓይኗ አይታለች። ወረቀቱ ከገባ ጥፋቱ የሚለጠፈው ቁልፍ በሚይዙት በቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ፣ በእትዬ ትርሓስ ላይ ነው። ከሥራ ሊባረሩ ይችላሉ።

የሶፊያ መልእክት ገባ። «ፈረምሽ? ሁላችንም አንድ ቃል ነን። ፋራ አትሁኚ!»

«ዑዘይር፣ ዐሥር ሰው ከተስማማበትስ?»

«ሺህም ይሁን። ትርጉሙ ውስጥ የሰው ቁጥር የለም። የሚታየው ዝናቡ ነው።»

«ኡፍ! አንተን መጠየቄ!»

አንዲት ወጣት ቀለበት ልትሸጥ ገባች። አባታቸው አቶ ኑሪ ተቀብለው ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፋቅ አደረጉት።

«አባባ፣ ለምን ይደክማሉ? ሃያ አንድ ካራት የሚል ማኅተም አለበት እኮ!» አለች ወጣቷ።

«ማኅተሙንማ አየሁት፣ ልጄ። አሁን ወርቁን ልየው።»

ጭረቱ ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። ወርቃማው መስመር ጠፋ፤ ቀለበቱ ወርቅ አልነበረም። ሸፊቃ የልጅቷን ፊት ላለማየት ዞር አለች።

ወንድሟም አባቷም ተመካክረው የመጡባት መሰላት። በንዴት ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችው። ዐሥረኛው መስመር ባዶውን ነው። አጣጥፋ መለሰችውና ወደ በረንዳው ወጥታ ሶፊያ ጋ ደወለች።

«አልፈርምም። ነገ ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«አብደሻል? ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ! ለዚህ አይደል የደወልኩት!» አለች ሸፊቃ። «አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። አብረን እንገባለን።»

ሶፊያ ስልኩን አልዘጋችም። ሸፊቃም ሳትዘጋ ጠበቀች።