በገዛ ቤቱ የሚያንኳኳው ሰው

«ተከራያችሁ መጣ!» አለች ሬዲዮ፣ በሩ ሲንኳኳ ሰምታ።

ሬዲዮ የሚለው ስም የወጣላት ወሬ ይዛ ማደር ስለማይሆንላት ነው እንጂ ክፋት አልነበረባትም። ከጓደኛዋ ከፍንጭት ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሂሳብ የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። ፍንጭት እርሳሷን እንደ ጨበጠች ደርቃ ቀረች። እናቷ ብርጭቆ ውኃ እንደ ያዘች ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ውኃው የተቀዳላት እንግዳ ሳትጠበቅ የመጣች የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መርማሪ ነበረች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ባለቤትዎ እስኪመጡ ልጠብቅ» ብላ ከተቀመጠች ገና ብዙም አልቆየችም።

በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ የሰው ደጅ የሚጠና ሰው እንደሚያንኳኳ።

«ማነው?» አለች እናት።

«እኔ ነኝ። መግባት ይቻላል?»

እናት ግራ እየገባት በሩን ከፈተች። የገባው ባሏ ነበር፤ ከባዕድ አገር መጥቶ የአሮጌ ሶፋ ልብስ እየቀየረ የሚኖር ረጅም ቀጭን ሰው። ጸጉሩ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ሰፍሮበታል። መርማሪዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ዐይኗን ቀበቶው ላይ በተንጠለጠሉት ቁልፎች ላይ አሳረፈች።

«ቤቱ የእርስዎ አይደለም እንዴ? ለምን ያንኳኳሉ?»

ሰውየው በመጀመሪያ ደፉ ላይ የወለቀውን የሬዲዮን ጫማ አየ፤ ቀጥሎም ፍንጭትን አየ።

«ቁልፍ… ቁልፍ ረሳሁ» አለ። ወዲያው ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ተንሿሹ።

መርማሪዋ ውኃውን ሳትቀምስ ተነሣች። «እመቤቴ፣» አለች ለእናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ዋስ ሆነው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የጠየቁት ለባልዎ ነው። ሰውየው ባል ሳይሆን ተከራይ ከሆነ ግን ፈቃዱ ይቀራል፤ ከአገርም ይወጣል። ሐሙስ ሦስታችሁም ቢሮ ኑ፤ ለየብቻ እናነጋግራችኋለን።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ነገሩ ከፍንጭት አፍ የወጣው በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ነበር። እናቷ ከምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ፈቃድ ስላላገኘች እንጀራ አባቷ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ቋንቋውን ገና እየለመደ ነበርና የፊዚክሱን መምህር በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከልቡ፣ «አንቺ በጣም ጎበዝ መምህር ነሽ!» አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሣቁ። እርሱም ደስ ያሰኛቸው መስሎት አብሯቸው ሣቀ።

«ማነው ሰውዬው?» አለች ሬዲዮ ሆዷን ይዛ።

ፍንጭት ፊቷ ፍም መሰለ። «ተከራያችን ነው። እማዬ ስላልተመቻት ልካው ነው» አለች።

አንዲት ቃል ነበረች፤ ውሸት ግን ብቻዋን መሄድ አትወድም፣ አጃቢ ትፈልጋለች። የሬዲዮ ቤተሰብ ወደዚያው ሕንፃ ተዛውሮ ሬዲዮ ቤታቸው መምጣት ስትጀምር፣ ፍንጭት የሶፋ ጨርቅ የተከመረበትን የጓዳ ክፍል «የእሱ ክፍል ይኼ ነው» ብላ አሳየቻት። አንድ ቀን ይህንኑ ደረጃው ላይ ስትናገር እንጀራ አባቷ ከኋላቸው ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሬዲዮን ጫማ ደጁ ላይ ሲያይ ቁልፉን ትቶ ያንኳኳል፤ «መግባት ይቻላል?» ይላል፤ ቀጥ ብሎም ወደ ጓዳው ያልፋል። እናት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለምትሆን አታውቅም። የዕረፍት ቀኗና የመርማሪዋ መምጣት ዛሬ ባይገጥሙ ኖሮ እስከ መቼም ባላወቀች።

ሬዲዮ ደብተሯን ሰብስባ ሹልክ ብላ ስትወጣ፣ እናት በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ተከራይ! ማነው ተከራይ ያለው? የዚህች የሬዲዮ እናት ናት! ደረጃ ላይ አብረን ስንወርድ ባየችን ቁጥር ዐይኗ ይቀላል።»

«እማዬ…»

«ዝም በዪ፣ አትከላከዪላት! ሐሙስ ሲጠይቁሽ፣ ልጅቷ ዋሾ ናት፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃታል ትያለሽ። ገባሽ?» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ምን ቆርጦህ ነው በገዛ ቤትህ የምታንኳኳው?»

«እጄ ለመደ» አለ። «ቀኑን ሙሉ የሰው በር አንኳኳለሁ፤ የሚጠገን ሶፋ አለ ወይ እያልኩ።»

እናት አልሣቀችም። ፍንጭት እርሳሷን አንሥታ ወደ ሂሳቧ ተመለሰች። ዝምታም እንደ ንግግር ሰውን እንደሚበድል ያን ጊዜ ገባት፤ እንዲያም ሆኖ ዝም አለች።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ሬዲዮ ከግቢው ጥግ ያዘቻት።

«አንቺ፣ እናትሽ ምን ሆና ነው? ጠዋት ሰላም ስላት ፊቷን አዞረችብኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ተናዳ ነው።»

«በኔ ነው እንዴ? ያቺ ሴትዮስ ማናት? ስታፈጥ እኮ ፖሊስ ነው የምትመስለው! ተከራያችሁ ደግሞ ምስኪን፣ አሪፍ ሰው ነው፤ ምን አድርጎ ነው?»

«በናትሽ አንድ ጊዜ እንኳን ዝም በዪ!»

ሬዲዮ ስሟ ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያዋን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም። ወደ ቤት ስትሄድ ግን ሬዲዮ የተዋሰችውን ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችላት። ብትሰድባት ለፍንጭት ይቀላት ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ፍንጭት ወደ እንጀራ አባቷ የሥራ ቦታ ሄደች። ከዚያ በፊት ሄዳ አታውቅም። ሰውየው ከተገለበጠ ሶፋ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ ጨርቁን በአንድ እጁ እየወጠረ በሌላው ይመታል። ሲያያት ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሯትም?»

«ለማን?»

«ለእማዬ። ተከራይ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እኮ ያውቃሉ።»

ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «ተከራይ መሆን ጥሩ ነው። ተከራይን ማንም፣ ቆሻሻ ድፋ፣ አይለውም።»

ብቻውን ሣቀ። ሣቁ ግን ብዙ አልሄደም። መዶሻውን አንሥቶ መምታት ጀመረ፤ ሁለተኛው ምት አውራ ጣቱ ላይ ዐረፈ። ጣቱን ጨብጦ ተቀመጠ።

«እኔ ፈርቻለሁ፣ ፍንጭት» አለ ቀና ሳይል፤ ሲጨነቅ አንቺና አንተ እንደገና ይምታታበት ነበር። «ወደዚያ ብመለስ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ያለኝ ሰው እናትህ ናት። አንተም ነህ፣ ባትወደኝም። ሐሙስ እናትህ ያለችህን በል። ነገሩ ይለፍ።»

«ሬዲዮስ?»

«እሷ ልጅ ናት። ትረሳለች።»

ይህን ሲል ግን ዐይኗን ማየት አልቻለም። ፍንጭት ከአንደበቱ የሰማችው ፈቃድ ሸክሟን ያቀልላታል ብላ ነበር፤ እንዲያውም አከበደባት። እርሱ እስከዚያች ቀን ስለ እርሷ ሲል እንጂ ስለ ራሱ ሲል ሲዋሽ አላየችውም፤ አሁን ለሁለቱም ሊያደርገው ነው። ያስተማረችው ደግሞ እርሷ ናት።

ሐሙስ በቢሮው ኮሪደር ላይ በተርታ ተቀመጡ። እናት በመጀመሪያ ገብታ ከንፈሯ ደርቆ ወጣች። በፍንጭት አጠገብ ስታልፍ ጎንበስ ብላ የልብሷን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ያልኩሽን እንዳትረሺ፣ የኔ እናት» አለቻት በጆሮዋ። ከዚያ የፍንጭት ስም ተጠራ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ከወዲህ ሁለት ወንበሮች፣ ከወዲያ መርማሪዋ። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያንኮራፋ ጠየቀቻት። ፍንጭት እውነቱን መለሰች፤ የምታንኮራፋው እናቷ ነበረች።

«መልካም። ጓደኛሽ ግን፣ ተከራያችሁ መጣ፣ አለች። ለምን?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፦ ዋሾ ናት። ሁለት ቃል። ጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ሴት ሬዲዮን አታውቃትም፤ ዳግመኛም አታያትም። እናት ደስ ይላታል። ጋሼም ምናልባት አገር ያገኛል።

«ጓደኛዬ የሰማችውን ነው የተናገረችው» አለች ፍንጭት።

«ከማን የሰማችውን?»

ፍንጭት ወደ በሩ አየች። «እባክዎ እናቴን ይጥሩልኝ። ጋሼንም። እዚህ ለእርስዎ ብቻ ብናገር፣ እናቴ ጓደኛዬን እንደ ጠላች ትቀራለች።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አጋደመች። «ለየብቻ የምንጠይቀው በምክንያት ነው። የምትናገሪው ሊጠቅማችሁም ሊጎዳችሁም ይችላል። መክራችሁ የመጣችሁበት ነው ብዬ እጠረጥርም ይሆናል። አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«እውነቱን ብትናገሪ ፈቃዱ ይሰጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

«ይሁን።» ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ እንኳን ራቀባት።

መርማሪዋ ጥቂት አየቻትና ተነሥታ በሩን ከፈተች። እናት ገብታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ፊቷ ላይ ጥያቄና ቁጣ ይተናነቁ ነበር። ጋሼ ከኋላ ገባ። ሦስተኛ ወንበር ስላልነበረ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ የቆሰለ ጣቱን በሌላው እጁ ሸፍኖ ቆመ።

ፍንጭት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«አይ፣ እኔ እዚህ ይሻላል…»

እርሷ ግን ወንበሩን ለቅቃ ወደ ግድግዳው ሄዳ ነበር። ሰውየው ግራ ገብቶት በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ።

«ሌላ ወንበር ይምጣልሽ?» አለች መርማሪዋ።

«አያስፈልግም። ቆሜ እናገራለሁ» አለች ፍንጭት፤ ወደ እናቷም ዞረች። «እማዬ፣ ሬዲዮ አልዋሸችም።»

እናት ልትናገር ስትል ፍንጭት እጇን አንሥታ፣ በልመና፣ አስቆመቻት፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመረች።